ከጓዳ እስከ ሆያ ሆዬ፦ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ወደ ሰፈር ሕይወት ማስገቢያ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በአራዳ፣ በቂርቆስ፣ በልደታና በአዲስ ከተማ ለሚኖሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች የተጻፈ ነው። ልጁ በእግሩ የማይሄድም ሆነ የማይናገር፣ ኦቲዝም ያለበትም ሆነ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የቤቱ ሸክም ይከፋፈላል። ቀጥሎ ልጁ የሚወጣበት መንገድ ይስተካከላል። ከዚያ ልጁ ከጎረቤት ጋር አንዲት ትንሽ ሥራ ይይዛል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ከመጨረሻው ሲጀምር ነው። አንድ እሑድ ልጁን አለባብሶ ሦስት መቶ ሰው የተጠራበት ሠርግ ይወስደዋል፤ ልጁ ይጮኻል፣ እናት ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ በሩ አይከፈትም።

የቤቱን ሰዓት ጻፉ

አንድ ደብተር ወስዳችሁ ለ7 ቀን መዝግቡ። በየመስመሩ ሦስት ነገር ብቻ ይግባ፦ ሰዓቱ፣ የተሠራው ሥራ፣ የሠራው ሰው። ማብላት፣ ማጠብ፣ ሽንት ቤት መውሰድ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን እንቅስቃሴ ማሠራት፣ ሌሊት መገልበጥ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ሁሉም ይጻፍ። በሰባተኛው ቀን ደብተሩን ዘርግታችሁ ስሞቹን ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስም ገጹን ሞልቶት ይገኛል፤ የእናት ወይም የአያት። ያ ሰው ቀና ሳይል ልጁ ደጅ አይወጣም። ስለዚህ ከዚያ ስም ላይ ሦስት ሥራ አንሱና ለሌላ ሰው በቀንና በሰዓት ስጡ። «አግዟት» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም፤ «ማክሰኞና ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚያጥበው አባቱ ነው» ሲባል ግን ይሠራል።

ማጠብና ማንሳት ለአባት ወይም ለአጎት ይሁን። ልጁ ከ20 ኪሎ ሲያልፍ አንድ ሰው ብቻውን ደጋግሞ ቢያነሳው ወገቡ ይጎዳል። ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ልጁን ከደረታችሁ አስጠጉ፣ ተሸክማችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፤ መዞር ሲያስፈልግ በእግር ዙሩ።

እህትና ወንድምን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የ12 ዓመት ልጅ የቤቱ ነርስ አትሁን። ለእሷ አንድ የተቆረጠ ሥራ በቂ ነው፤ ለምሳሌ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግማሽ ሰዓት አብራው መጫወት። ሽንት ቤት መውሰድና ማጠብ የእሷ ድርሻ አይደለም። ይህ ካልተጠበቀ ጓደኞቿን ወደ ቤት ማምጣት ትተዋለች፤ ወንድሟን ከሰፈር ልጆች ጋር የምታገናኘው ደግሞ ከማንም በፊት እሷ ነበረች።

የቤት ሠራተኛ ካለች አጎራረሱንና አያያዙን 3 ቀን አብራችሁ አሳዩአት፤ በቃል ብቻ አይተላለፍም። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር አንድ ገጽ ጽፋችሁ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ ምን ይበላል፣ እንዴት ይቀመጣል፣ ሲያመው ምን ምልክት ያሳያል፣ ለማን ይደወላል።

አያትን፣ ጠበልንና «ምን አድርገን ነው?» የሚለውን ጥያቄ

ቤት ውስጥ «እርግማን ነው»፣ «ዓይን በልቶት ነው» የሚል ሰው እያለ ደጅ መውጣት ይከብዳል፤ እናት ከጎረቤት ሳይሆን መጀመሪያ ከአማቷ ትደበቃለች። ክርክር አይጠቅምም። ሐኪሙ ያለውን አጭር አድርጋችሁ ደጋግሙት፦ «እማማ፣ ሲወለድ አየር አጥሮት አንጎሉ ተጎዳ እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም።» ሴሬብራል ፓልሲን፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የሚመጣውን የእንቅስቃሴ ችግር፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ጨቅላው ባልታከመ ከባድ የቢጫ ሕመም መያዙ ወይም የማጅራት ገትር ሊያመጡት ይችላሉ። ዳውን ሲንድሮም ከተጨማሪ ክሮሞዞም የሚመጣ ነው። ኦቲዝምም ከአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም። የሚቻል ከሆነ አያትን አንድ ቀን ወደ ቀጠሮው ይዛችሁ ሂዱ፤ ከነጭ ጋዋን የሰሙት ከልጃቸው ከሰሙት ይልቅ ይጸናል።

ጠበል መውሰድ የምትፈልጉ ውሰዱ። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ጠበል እስኪጨርስ ተብሎ መድኃኒቱ ሲቋረጥ። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ መድኃኒት በድንገት ከቆመ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ለአባ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ «አባታችን፣ ልጄ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት አለ፤ ከጠበሉ ጋር እንዳያቋርጥ ይፍቀዱልኝ።» አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፤ እንዲያውም «መድኃኒቱም ከእግዜር ነው» ብለው ቤተሰቡን የሚያረጋጉ ብዙ ናቸው።

የሰዓት እቁብ

አባት ጥሎ በሄደበት ወይም ዘመድ በሌለበት ቤት የሚከፋፈል ሰው የለም። ለዚህ የምንመክረው ሁሉም የሚያውቀውን እቁብ በብር ፋንታ በሰዓት መጣል ነው። ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው 4 እናቶች ይሰባሰቡ፤ በፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይ፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል በር ላይ ይገኛሉ። በየቅዳሜው ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የደረሳት 3 ሰዓት ነፃ ትሆናለች፤ ልጇን ሌሎቹ ይይዙላታል። ያልደረሳቸው ሦስቱ ሁሉ አይቀመጡም፤ ሁለቱ ይጠብቃሉ፣ አንዷ ተጠባባቂ ትሆናለች። በአንድ ጊዜ ከ3 ልጅ በላይ አይሰብሰብ።

እቁቡ የሚፈርሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ መዘግየት ነው፤ 3 ሰዓት የተባለው 5 ሲሆን ጠባቂዋ በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም፤ እንደ ብር እቁብ ቅጣት ይቆረጥ። ሌላው አመጋገብ ነው፤ ሌላ ሰው ልጇን በደንብ ያበላዋል ብላ ያላመነች እናት ትታው አትሄድም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እናት አትሂድ፤ እዚያው ሆና ሌሎቹ ልጇን ሲያበሉ ትይ። ነፃ በሆነችበት ሰዓት ደግሞ ልብስ እንዳታጥብ። ትተኛ፣ ፀጉሯን ትሠራ፣ ለቅሶ ትድረስ።

ወረቀቶች

በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም፤ አሰልቺ ነው ግን ያለ እሱ በሮች አይከፈቱም። የልደት ምስክር ወረቀት ከወረዳው ሲቪል ምዝገባ ይውጣ፤ ልጁ በቤተሰቡ የነዋሪነት መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን ተመልከቱ፤ ከሆስፒታል የጉዳቱን ዓይነት የሚገልጽ ማኅተም ያለበት የሕክምና ማስረጃ አውጡ። ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጉና ዋናውን ለማንም አትተዉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ የልጁ ስምና ፎቶ በመታወቂያ ደብተሩ ላይ ይኑር፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

ቤቱ በገቢ የተጎዳ ከሆነ በወረዳው የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ልየታ መቼ እንደሚደረግ ጠይቁ። ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ የቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ለዚህም ሆነ ለሌላው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጁንና ቤታችሁን እንድታውቅ አድርጉ። የተደበቀ ልጅ በዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ባለሥልጣን ፊት ስትቀርቡ የሚጠቅም ሕግም አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አንቀጽ 23 ልጅን ከመደበቅና ከማግለል መከላከልን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 30 ደግሞ ልጆች በጨዋታና በመዝናኛ እኩል የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ደጃፉና መንገዱ

ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ከልጁ መኝታ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን እንቅፋት ለኩና ጻፉ፦ የበር ስፋት፣ የደረጃ ከፍታ፣ የክፍት ቱቦ ስፋት። በሩ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛው የልጅ ዊልቼር ያልፋል። ጠባብ ከሆነ መቃኑን ከማፍረስ በፊት በሩን ከማጠፊያው ንቀሉና መጋረጃ አድርጉ፤ ይህ ብቻ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ያተርፋል።

ለመወጣጫ ሕጉ 1 ለ12 ነው። የደጃፉ እርከን 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 1 ሜትር ከ80 መርዘም አለበት ማለት ነው። ስፋቱ ቢያንስ 90 ይሁን፤ በሁለቱም ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ጣውላ ምቱበት፣ ጎማ እንዳያመልጥ። ግቢው የጋራ ከሆነና ቦታ ከሌለ 1 ለ8 አጭር የሚነሳ መወጣጫ አሠሩ፤ ለ15 ሳንቲ ሜትር እርከን 1 ሜትር ከ20 ይሆናል፤ ግን ሁልጊዜ ሰው ከኋላ ሊይዘው ይገባል፣ ሲወርድም ወደኋላ ዞሮ ይውረድ። ለስላሳ ላሜራ አትጠቀሙ። ሐምሌ ላይ ሲረጥብ ያንሸራትታል። አበጥ አበጥ ያለበትን ላሜራ ውሰዱ ወይም ጣውላው ላይ ቀጫጭን ዘንግ በየ20 ሳንቲ ሜትር ምቱበት። አከራዩንና ጎረቤቱን ከመሥራታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የተሠራ መወጣጫ ሌሊት ሰው ይሰናከልበትና ጠቡ ልጁ ላይ ይዞራል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሊፍት የለም፤ ደረጃ ለመውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሲወጡ የዊልቼሩ ጀርባ ወደ ደረጃው ይዙር፤ ጠንካራው ሰው ከላይ ሆኖ እጀታውን ይዞ ያዘንብለውና አንድ አንድ ደረጃ እየጎተተ ይውጣ፤ ሁለተኛው ከታች ሆኖ ዋናውን ብረት ይያዝ። የእግር ማሳረፊያው ወይም የክንድ መደገፊያው ከተያዘ ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። ሲወርዱ ልጁ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ከኋላ የያዘው አዘንብሎት ይወርዳል። ኮሪደሩ ላይ የታጠበ ደረጃ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ኮብልስቶን ላይ ትናንሾቹ የፊት ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ይቀረቀራሉ፤ ልጁም ወደፊት ይወረወራል። እዚያ ስትደርሱ ዊልቼሩን በኋላ ጎማዎቹ ላይ አዘንብላችሁ ግፉ፣ የደረት ቀበቶም ይታሰር። ዊልቼር ሲመረጥ የፊት ጎማው ሰፊና ትልቅ የሆነውን ጠይቁ። የመቀመጫው ስፋት ከልጁ ዳሌ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይብለጥ። «ያድጋል» ተብሎ የተገዛ ሰፊ ወንበር ልጁን ወደ ጎን ያጎብጠዋል፤ ከጊዜ በኋላም ጀርባውን ሊያጣምመው ይችላል።

የመጀመሪያው ቦታ፦ ቡና

ጎረቤት ውስጥ ለመግባት ከቡና የተሻለ መሰላል የለም፤ መሰላሉ ራሱ ሦስት እርከን አለው። በመጀመሪያ ቡናውን በቤታችሁ አፍሉና ሁለት ጎረቤት ብቻ ጥሩ። ልጁ እስከ አቦል ብቻ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወደ ሚወደው ነገር ይሂድ። ይህ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይጮኽ ከሄደ እስከ ቶና አራዝሙ። ቀጥሎ በረካ። ሦስቱን በቤቱ ከለመደ በኋላ ወደ ጎረቤት ቤት፤ እዚያም እንደገና ከአቦል ጀምሩ። ምስጢሩ ልጁ ደህና እያለ መውጣት ነው። ጆሮውን ሲሸፍን፣ እጁን ሲያርገበግብ፣ በሩን ደጋግሞ ሲያይ ሰዓቱ ደርሷል። አልቅሶ ከወጣ የሚቀረው ትዝታ ልቅሶው ነው፣ ለእሱም ለጋበዘችው ጎረቤትም።

ዕጣን ለአንዳንድ ልጆች ከጩኸት ይብሳል። «እትዬ፣ ዕጣኑን ትንሽ ቀለል ያድርጉልኝ፣ እሱ ይረበሻል» ማለት ነውር የለውም፤ ካልሆነም በር አጠገብ ተቀመጡ። ከሰል ምድጃው ከልጁ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።

አሁን ዋናው፦ ልጁ ሥራ ይያዝ። ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ ፈንዲሻ በትንሽ ሰፌድ ማዞር፣ ስኳር ማቀበል። ዊልቼር ላይ ከሆነ ሰፌዱ ጭኑ ላይ ይቀመጥና እህቱ ትግፋው። ማየት የተሳናት ልጅ ሲኒ ትቁጠር፤ ሰው ስንት እንደሆነ ከድምፅ ታውቃለች። ቁጭ ብሎ የሚታይ ልጅን ጎረቤት «ምስኪን» ይለዋል፤ ፈንዲሻ የሚያዞረውን ግን «አንተ፣ ለእኔ አልደረሰኝም!» ይለዋል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሁለት ነገር ለጎረቤቶች አስቀድማችሁ ንገሩ። አንደኛው ጉርሻ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የመዋጥ ችግር አለበት፤ በፍቅር የተጠቀለለ ትልቅ ጉርሻ ሊያንቀው ይችላል። «ጉርሻው በእኔ እጅ ይሁን፣ እናንተ ፍትፍቱን አቅርቡልኝ» በሉ። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዘንበል ይበል፤ ጭንቅላቱን ወደኋላ ጥሎ ማብላትና ማጠጣት ምግቡን ወደ ሳንባ ይወስደዋል። ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል አታስተኙት። ገንፎና በወጥ የራሰ ለስላሳ ፍትፍት ከቀጭን ሾርባ ይሻላል፤ ውሃ ደግሞ በትንሽ በትንሹ።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ልጁ ቢወድቅ በጎኑ ያስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ያድርጉ፣ ከሰሉንና ጀበናውን ያርቁ፣ ሰዓት ይያዙ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ማንኪያ ጥርሱ መካከል ማስገባት፣ እጅና እግሩን መጨቆን አይረዳም፤ ይጎዳል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ 907 ደውሉ ወይም በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል።

የሰፈር ልጆች «ለምን አይሄድም?» ሲሉ አትቆጡ፣ ንግግርም አታስረዝሙ። «እግሩ አይታዘዘውም፤ ኳስ ግን በእጁ ይወረውራል» ብላችሁ ኳሱን ስጧቸው።

ዕድር

የዕድር መተዳደሪያ ደንቡን ኮፒ ጠይቁና ሦስት ነገር ፈልጉ። መጀመሪያ፣ የልጁ ስም ከቤተሰብ ተጠቃሚዎች ጋር ተመዝግቧል? ብዙ ወላጅ ሲመዘገብ ይህን ልጅ ይዘለዋል፤ አፍሮም ይሁን ረስቶ። ሁለተኛ፣ ደንቡ ልጅ 18 ሲሞላ ይወጣል የሚል ከሆነ፣ ራሱን ችሎ መኖር ለማይችል ልጅ እንዲራዘም ጠይቁ። ሦስተኛው የቅጣት አንቀጽ ነው፤ እናቶችን በዝምታ ከዕድር የሚያስወጣቸው እሱ ነው። ቀብር ያልተገኘ፣ ድንኳን ያላደረ ይቀጣል። ልጇን ትታ መውጣት የማትችል እናት ትቀጣለች፣ ቅጣቱ ይጠራቀማል፣ «ማኅበራዊ ኑሮ የማታውቅ» ትባላለች፣ በመጨረሻም ትቀራለች። ለዳኛው ከጠቅላላ ጉባኤ በፊት ለብቻቸው አቅርቡላቸው፦ «ጋሼ፣ ልጄን የሚይዝልኝ ስለሌለ ማደር አልችልም፤ በምትኩ እንጀራ ልጋግር ወይም ዕቃ ልጠብ፣ በደንቡ ይያዝልኝ።» ምሕረት አትጠይቁ፤ የሥራ ልዋጭ ጠይቁ። ምሕረት በዓመቱ ይረሳል፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ልዋጭ ግን ይጸናል።

ከዕድሩ ሌላም የሚገኝ አለ። ድንኳኑ ሲተከል የመግቢያው ገመድ ለዊልቼር እንዲያሳልፍ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ቦታ እንዲተው፣ የሚነሳው መወጣጫ ከዕድሩ ዕቃ ጋር እንዲቀመጥ። ጉልበታቸው ለከዳቸው አዛውንት አባላትም ስለሚጠቅም ይህኛውን ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚደግፉት እነሱ ናቸው።

ሆያ ሆዬ

ለወንዶች ልጆች የዓመቱ ትልቁ በር ነሐሴ 13፣ ቡሄ ነው። ዝግጅቱን ከሐምሌ መጨረሻ፣ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። ጭፈራው ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የተሠራ እስኪመስል ይመቻል፤ አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፣ ተቀባዩ «ሆ!» ይላል፣ ዱላው መሬቱን ይመታል። የማይናገር ልጅ «ሆ» ማለት ይለምዳል፤ ድምፅ ባይወጣለትም ዱላው አለ።

ዊልቼር ላይ ለሚቀመጠው ዱላውን ረዘም አድርጉት፤ ተቀምጦ በጎኑ መሬት እንዲደርስለት 1 ሜትር ከ20 ያህል። ከቀጫጭን ጣቶቹ የሚያመልጥ ከሆነ መያዣውን በአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ጠቅልሉ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲወፍር ለመጨበጥ ይቀላል፣ ሲረጥብም አያሙለጨልጭም። ዱላው ከጎማው ሽቦ እንዲርቅ በመምቻው በኩል ያለው ጎማ ላይ ክብ ካርቶን እሰሩ። ማየት የተሳነው ልጅ አውራጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ግጥም ይይዛል፣ እጁን ጓደኛው ትከሻ ላይ አድርጎ ይሄዳል። መስማት የተሳነው ከአውራጁ ፊት ለፊት ይቁም፤ ዱላው ሲነሳ አይቶ ይመታል፣ ምቱንም በእግሩ ይሰማዋል። ጅራፍ የሚያስደነግጠው ልጅ ካለ ቀን ላይ ይውጣ፤ ጅራፍና ችቦ የሚበዛው አመሻሽ ላይ ነው።

መንገዱን ከ5 እስከ 8 ቤት ወስኑና ለእነዚህ ቤቶች አስቀድማችሁ ንገሩ። ከቡድኑ ከፍ ያለ አንድ ልጅ ኃላፊ ይሁን። ነሐሴ ስለሆነ መቀመጫው በላስቲክ ይሸፈን።

አንድ የሚበላሽ ነገር አለ፤ ልጆቹ ዊልቼሩን ከፊት ሲያደርጉት ሰው ብር ጨምሮ እንደሚሰጥ በሦስተኛው ቤት ይደርሱበታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ጨፋሪ መሆኑ ይቀርና መለመኛ ይሆናል። ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ደንብ አስይዟቸው፦ ዊልቼሩ ከሰልፉ መሀል ይሆናል፤ ብሩ ለሁሉም እኩል ይካፈላል። ገንዘብ ያዥነቱን ለልጁ ስጡት፤ ቦርሳውን አንገቱ ላይ ያንጠልጥል፣ ማታ ቆጥሮ ያካፍል። ሙልሙሉም እንዲሁ።

ለሴቶቹ በዘመን መለወጫ አበባየሆሽ አለ። «ለምለም» ማለት ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ የምትሥል ልጅ ካለች ደግሞ ለየቤቱ የሚሰጠውን የአበባ ሥዕል ከጳጉሜን በፊት ትጀምር።

ወደ ከተማው

ከሰፈሩ ውጪ ለመውጣት ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ተጠቀሙ። ሚኒባስ ከመንገድ መሀል አትያዙ፤ መነሻው ላይ ሄዳችሁ ሳይሞላ ግቡ። ረዳቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩና ዊልቼሩ ወንበር የሚይዝ ከሆነ ሒሳቡን ከመነሳት በፊት ተስማሙ፤ መሀል መንገድ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ልጁን ያስደነግጠዋል። ፖርቶመጋላው ላይ ከተጫነ ትራሱንና የእግር ማሳረፊያውን ነቅላችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ የሚወድቁት እነሱ ናቸው። መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሰፊ በር አለው፣ ግን እንደ ስታዲየምና ሜክሲኮ ያሉት ጣቢያዎች ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው። ሊፍቱ ይሠራል ብላችሁ አትውጡ፤ አንድ ሰው ቀድሞ አይቶ ይደውል።

ለመጀመሪያ ጉዞ መስቀል አደባባይ በተራ የሥራ ቀን ጥሩ ነው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ልጁም ሲበቃው ወዲያው መመለስ ይቻላል። ወዳጅነት ፓርክ ቀጥሎ ይመጣል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጸጥታ ለሚወድ ልጅ ይመቻል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድበት እሑድ መኪና የሌለበት አስፋልት ላይ ዊልቼር መንዳት ማስተማር ይቻላል። ደመራና ጥምቀትን ግን ለሦስተኛው ዓመት አቆዩት። የሕዝብ ሕንጻ መግቢያው ደረጃ ብቻ ሆኖ ብታገኙት ሳታማርሩ ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ፤ የ2001ዱ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንጻ ለዊልቼር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል።

መንገድ ላይ ሳንቲም ልጁ ጭን ላይ የሚጥል ሰው ይገጥማችኋል። በትሕትና መልሱ፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ ለምኖ አይደለም፤ ሰላም ብትለው ይበቃዋል።» ልጁ እየሰማ ስለሆነ ድምፃችሁ አይንቀጥቀጥ፤ ቤት ውስጥ ተለማመዱት።

የሚጠፋ ልጅ ካላችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ልብሱ ውስጥ በኩል ስፉ፣ በየማለዳው የለበሰውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የደጁን ባለሱቅ፣ ሊስትሮውን፣ ጥበቃውንና ተራ አስከባሪውን አስተዋውቁት። ከጠፋ መጀመሪያ የሚፈለገው ወንዝ ዳርና ዋና መንገድ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆችን ውሃ ይስባቸዋል፤ በዚህ በኩል ቀበናና ግንፍሌ ቅርብ ናቸው። ፈላጊውን ሰው ለሁለት መድባችሁ ወንዙንና መንገዱን በአንድ ጊዜ ያዙ፣ ዘመድ መጥራት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሰፈሩ ሲነሳ

ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ እንደታየው ሰፈር ሲነሳ፣ ለዚህ ልጅ የሚፈርሰው ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሚያውቁት ሰዎችም ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የዕድሩን የአባልነት ደብዳቤ አጽፉ፣ የሕክምና ካርዱን ኮፒ ውሰዱ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያሠራውን እንቅስቃሴ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ መወጣጫውን ነቅላችሁ ጫኑ። የልጁን ሁለት የቅርብ ጓደኞች ወላጆች ስልክ ያዙና ልጆቹ የሚገናኙበት በወር አንድ ቅዳሜ ቁረጡ።

አዲሱ ቦታ በደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዕቃው ገና ሳይፈታ፣ ቡና አፍሉ። ግድግዳ የሚጋሩትን ሁለት ቤት ብቻ ጥሩ። ልጁ በራሳችሁ አንደበት ይተዋወቅ፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሚወደው ጨዋታ፣ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ። ሰፌዱንም ያኔውኑ ጭኑ ላይ አስቀምጡለት።